ከመጨረሻው ቤት የምትጀምረው እህቴ

እህቴ ዶክተር ናት። ይህንን ለደንበኞቼ ስናገር አፌን ሞልቼ ነው። ልብስ ልታስለካ የመጣች ሴት ክንዷን ዘርግታ ስትቆም፣ ሜትሬን በወገቧ ዙሪያ እያዞርኩ፣ «የዚህ ሁሉ ሰፈር ጤና በማን እጅ ያለ ይመስልሻል? በእህቴ!» እላታለሁ። ሴትዮዋ «ታድለሽ!» ብላኝ ስትወጣ ግን አንጀቴ እርር ይላል። እኔ ምኑን ታደልኩት? የታደለችውስ እሷ! ቅናት ነው፣ ምን እደብቃችኋለሁ። አንዳንዱ ሰው ጨጓራ አለበት፣ እኔ ደግሞ ታናሽ እህት አለችኝ።

ቤታችን አስፋልቱ ዳር ነው። የፊተኛው ክፍል የስፌት ቤቴ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ እኔና እናቴ እንኖር ነበር። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ ሁለቱ ሴት ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጡና ክሬን አወሳስበው፣ የልብስ ቁልፍ የማስቀምጥበትን ሣጥን ደፍተውብኝ ይሄዳሉ። ከቤታችን ጎን አንድ ቁልቁለት አለ። በሱ ሲወረድ ቤቶቹ እያነሱ፣ ግድግዳው ከብሎኬት ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ላስቲክ እየተለወጠ ሄዶ ወንዙ ጋ ያበቃል። እዚያ ታች ያሉት ሰዎች ሰፈራቸውን «ጥግ» ይሉታል። እህቴንም «የጥጓ ዶክተር» ይሏታል።

ነገሩ የጀመረው ልጅ ሳለን ነው። እናታችን የታወቀች ልብስ ሰፊ ነበረች። ለኔ መርፌ ሰጠችኝ፣ ለእህቴ መጽሐፍ። ያለችን አንድ ክፍል ናት፤ ስፌቱም፣ ምሳውም፣ ጥናቱም እዚያው። እኔ የስፌት መኪናውን መርገጥ ስጀምር እናቴ ብድግ ትልና፣ «ኧረ አቁሚው! ሚጣዬ እያጠናች ነው» ትለኛለች። አቆማለሁ። የያዝኩትን ቀሚስ በእጄ እዘመዝማለሁ። የሷ ገጽ ሲገለጥ ለሁላችንም ይሰማል፤ የኔ ጣት ሲወጋ ግን ማን ሰምቶት! እንዲህ እንዲህ እያልን አደግን።

ሕክምና ስትገባ የመጀመሪያውን ጋዋኗን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ኮሌታው አልቀና ብሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ደግሜዋለሁ። ለብሳው ስትወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ እንባዋ እየወረደ፣ «እንዴት ያምራል!» አለች። እኔም ስፌቱን መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ለካ ልጅቷን ኖሯል።

ተመርቃ ስትወጣ ጓደኞቿ ትልልቅ ሆስፒታል ገቡ፣ ገሚሶቹም የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። እሷ ቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ጤና ጣቢያ ተመደበች። «ለአንድ ዓመት ነው» አለችን። እውነቱን ልንገራችሁና ያኔ አንጀቴ ትንሽ ራስ ብሎ ነበር፤ ተምራ ተምራ ጥግ ገባች ብዬ። ምን ያደርጋል፣ አልቆየልኝም። ዓመቱ ሲያልፍ አብሯት የተማረ ሐኪም በአዲስ መኪና መጥቶ፣ እኛው ቤት ቁጭ ብሎ፣ አብረሽኝ ካልሠራሽ ብሎ ለመናት። ሻይ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። «እዚህ ያለውን ሥራ ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ?» አለችው። እዚህ ያለው ደግሞ መቼ ያልቃል? እናቴ ግን ፊቷ በርቶ ዋለ።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። ኩፍኝ ለሰፈራችን አዲስ አይደለም፣ ክትባቱም አለ፤ በየጊዜው ዘመቻ ይደረግ ነበር። ከታቢዎቹ የበረዶ ሣጥናቸውን በትከሻቸው አንግተው ከአስፋልቱ ይጀምራሉ። እኛ ወንበር እናወጣላቸዋለን፣ ሻይ እናጠጣቸዋለን። ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ ሌላው እያሉ ሲወርዱ ፀሐዩ ይበረታል፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል፣ ክትባቱም ያልቃል። የቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ «ነገ እንመለሳለን» ብለው ይወጣሉ። በነጋታው ደግሞ ሌላ ሰፈር አለ። በዚያ ዓመት የሞቱት ሕፃናት በሙሉ የወንዙ ዳር ልጆች ነበሩ። እህቴ ከየእናቶቻቸው ጋር ቁጭ ብላ ስታለቅስ ሰነበተች።

ሐዘኑ ሲበርድ ሠራተኞቹን ሰበሰበችና፣ «ከእንግዲህ ከመጨረሻው ቤት ነው የምንጀምረው» አለቻቸው። አጉረመረሙ። ሣጥን ተሸክሞ ወንዙ ድረስ መውረድ፣ ከዚያ እየከተቡ ዳገቱን መውጣት! አንዷ ነርስ ደንበኛዬ ስለሆነች ሁሉን ነግራኛለች። «ዶክተር፣ ሰው እኮ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው» ብትላት፣ «ለዚህ ነዋ ታች የማይደረሰው» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ዘመቻው ሲደገም ታናሿ ልጄ ገና በጀርባዬ የምትታዘል ነበረች። ሣጥናቸውን ተሸክመው ሲመጡ እንደ ልማዴ ወንበር አወጣሁ። «ከመጨረሻው ቤት ነው የምንጀምረው» ብለው አለፉኝ። በማግስቱም አለፉኝ። የዶክተሯን እህት! ጎረቤቴ ሥጋ ሻጩ ከደጁ ቆሞ፣ «እንኳን እህትሽ ሆነች፤ ባትሆን ኖሮማ ጭራሽ ላትደርሺ ነበር!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ልጄ የተከተበችው በመጨረሻው ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሰፈሩ ሁሉ በኋላ ነው። የወጋቻት ራሷ እህቴ ናት። ጫማዋ ጭቃ ጎርሶ፣ ዓይኗ ከድካም ብዛት ቀልቶ፣ «እታለም፣ ይቅርታ፣ እናንተ ቅርብ ናችሁ እኮ» አለችኝ። ቅርብ! ቅርብ መሆን ወንጀል ነው እንዴ? ልጄን አቅፌ ገባሁና መጋረጃውን ጎተትኩባት።

አስፋልት ዳር ያሉት ትልልቅ ሰዎች ከሰሷት። ተጠራች፣ ተወቀሰች፣ ፍንክች አላለችም። በሚቀጥለው ዓመት ከወንዙ ዳር አንድም ሕፃን በኩፍኝ አልሞተም። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! የጤና ጣቢያው ኃላፊ አደረጓት፣ ቆይቶም የከተማው ጤና ቢሮ ኃላፊ። መኪና ሰጧት፣ ሽበታም ሾፌር ሰጧት። የቧንቧ ውኃ ሲዘረጋ ተሟግታ የመጀመሪያውን ቦኖ ያስተከለችው ወንዙ ዳር ነው፤ አዋላጅ ሲቀጠር መጀመሪያ የተላከችው ጥግ ነው። መኪናዋ በየቀኑ በደጄ ያልፋል። ሾፌሩ ጡሩምባውን ጢጥ ያደርግልኛል፣ እሷ እጇን ታውለበልባለች፣ ከዚያ ቁልቁል! ታች ያሉት ልጆች «እናታችን መጣች!» እያሉ ሲጮኹ እስከ ስፌት ቤቴ ድረስ ይሰማል። አላገባች፣ አልወለደች፣ አገሩ ሁሉ «እናታችን» ይላታል። እኔ ሁለት ወልጄ፣ አምጬ፣ አሳድጌ፣ ልጆቼ ሲመጡ የሚሉኝ «እማ፣ ይህቺን ዚፕ ቀይሪልኝ» ነው።

እኛ ጋ የምትመጣው አመሻሹ ላይ፣ ሁሉንም ካዳረሰች በኋላ ነው። ያቺን የእናቴን ወንበር ይዛ ቁጭ ትላለች፤ አንድ ወሬ ጀምራ ሳትጨርሰው አንገቷ ዘንበል ይላል። እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ታወርድና ትደርብላታለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ «ኧረ የስፌት መኪናውን አቁሚው፣ ሚጣዬ ተኝታለች።» ይኼው! ፀጉሬ ሸብቶም አቁሚው!

እንዲህ ስንኖር ትልቁ ሹመት መጣ። የመላው አውራጃ ጤና ኃላፊ ሆነች። መሥሪያ ቤቱ ያለው በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ያን ዕለት መጥታ ስትቀመጥ እንቅልፍ አልወሰዳትም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ቤት ተሰጥቶኛል። እማዬ ከኔ ጋር እንድትሄድ ፈልጌ ነው» አለች።

«እናቴን ልትወስጂብኝ?» አልኳት።

«እናታችንን» አለች ቀስ ብላ። «እስካሁን አንቺ ነሽ የያዝሻት እታለም። አሁን ተራው የኔ ነው።»

«ተራሽን ጥግ ላሉት ስጪያቸው፣ ለምደሽዋል! እኔ ነኝ መድኃኒቷን የማስውጣት፣ እኔ ነኝ እግሯን የማጥባት፣ ዓይኗ ሲደክም ግድግዳውን እያስያዝኩ የመራኋት እኔ ነኝ። አንቺ ወንበሯ ላይ ከማንቀላፋት ሌላ ምን አድርገሽላታል?»

ወደ እናቴ ዞርኩ። እሷ ናት የገደለችኝ፤ አልሄድም አላለችማ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልሆንኩት የለም። ሾርባዋን በደንብ አብስዬ፣ ዳቦዋን ትኩስ በትኩስ አቀርብላታለሁ። ለራሴ ካስቀመጥኩት ጨርቅ ቀሚስ ሰፋሁላት፣ ከውስጡም ለስላሳ ገበር አደረግሁበት። ቀን ጋደም ስትል፣ ማንም ሳያዘኝ፣ የስፌት መኪናውን አቆምኩ። ደንበኞቼ ልብሳቸው ሳይደርስላቸው ሲቀር ተቆጡ፤ ይቆጡ! ሥጋ ሻጩ እንኳ ገብቶት፣ «ምርጫ ልትወዳደሪ ነው እንዴ?» አለኝ። አልተሳሳተም፣ እየተወዳደርኩ ነበር። እናቴ ቀሚሱን በጣቶቿ ዳስሳ፣ «እጅሽ ተባርኳል» አለችኝ። ቀጥላ ግን፣ «ነገ ሄደን ሚጣዬን ዕቃ እናሸክፍላት» አለች።

የእህቴን ቤት አይተነው አናውቅም። ምንጊዜም እሷ ናት ወደኛ የምትመጣው። የምትኖረው እዚያው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ መጀመሪያ በተመደበች ጊዜ በተሰጣት ክፍል ነው። በመንገዳችን ሁሉ ለመቅናት ስዘጋጅ ነበር። ኃላፊ ናት፣ ሶፋ ይኖራታል፤ ምንጣፍ ይኖራታል፤ ምናልባትም እኔ ያልሰፋሁት መጋረጃ።

በሩ ሲከፈት አንድ አልጋ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ኩባያ። ሁለት ወንበር አለ፣ በሁለተኛው ላይ ግን የወረቀት ክምር ተቀምጦበታል። መስኮቱ ላይ የደረቀ ዳቦ ነበር። የምትሉት ይገባኛል፤ እዚህ ጋ ቅናቴ መጥፋት ነበረበት። የት ይጠፋል! ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የጥግ ልጆች በቀለም የሣሉት ሥዕል ነው፤ ሁሉም ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች ትልቅ ሴትዮ፣ ከሥሯም «እናታችን» የሚል ጽሑፍ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ጋዋኑን የሰፋሁት እኔ መሆኔን የጻፈ አንድም ልጅ የለም።

እናቴ ግድግዳውን አላየችም፣ ዓይኗም አያደርስላት። እጇን ዘርግታ እየዳበሰች ሄዳ ከበሩ ጀርባ የተሰቀሉትን ጋዋኖች አገኘች። ጣቷ ቁልፎቹ መኖር በሚገባቸው ቦታ ላይ ቆመ። «ይኼ የሚያጣብቀው ምንድነው?» አለች።

«የቁስል ፕላስተር ነው እማዬ» አለች እህቴ አፍራ። «ቁልፉ ሲወድቅብኝ ለጊዜው ነው ብዬ...»

«የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የልብስ ሰፊ እህት?»

«አምጥታልኝ እምቢ ብያታለሁ እንዴ?» ብዬ ዘለልኩ።

እናቴ አልሰማችኝም። ሌላኛውን ጋዋን ዳበሰች፤ ፕላስተር። ሦስተኛውንም ዳበሰች። ከዚያ፣ «ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» አለቻት። እህቴ ሳቀችና የወረቀቱን ክምር ታነሳ ጀመር።

ስንመለስ ሽበታሙ ሾፌር ነው ያደረሰን። ቁልቁለቱን እየወጣን ሳለ እናቴ እጄን ያዘችኝ። «እሄዳለሁ» አለች።

እሳት ለበስኩ። «ምን አጎደልኩብሽ?»

«ምንም አላጎደልሽብኝም።»

«ታዲያ? እሷ እንደሆነች ቀኑን ሙሉ ቤት አትገኝ! ማን ሊያይሽ ነው?»

«እሷ ልታየኝ መቼ ሆነና። እኔ ላያት ነው እንጂ» አለች። «አንቺ አስፋልት ዳር ነሽ ልጄ። ደጅሽ ሰው አያጣም። ልጆችሽ ይመጣሉ፣ ደንበኛ ይመጣል፣ እሱ ሥጋ ሻጭም እየመጣ ያበሽቅሻል። እሷ ጋ ማን ይደርሳል? እኔም ከመጨረሻው ቤት ልጀምር።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። ያቺ በደጄ ያለፈችኝ ነገር፣ ልጄን መጨረሻ ያስከተበችብኝ ነገር፣ አሁን ደግሞ በእናቴ አፍ! «ይህንንም ከሷ ተማርሽው?» አልኳት።

«እሷ ከኔ ተምራው እንደሆነስ?» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ዓይንሽ እንደሆነ አያይ! ምን ልታደርጊላት?»

«ቁልፍ ለመስፋት ጣት ይበቃል» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

የሄዱ ዕለት ልሸኝ አልወጣሁም። እናቴ መጥታ ሳመችኝ፣ እኔም ሳምኳት፣ ከዚያ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ ረገጥኩት። የእህቴ መኪና ተነስቶ ሲሄድ ጡሩምባው ጢጥ አለ። ረገጥኩት። አቁሚው የሚለኝ ሰው አልነበረም። ወንበሯ ባዶ ሆኖ ከመጋረጃው ሥር ይታየኛል። አመሻሹ ላይ፣ ማንም ሳይተኛ፣ እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ።

ወራት አለፉ። ያ ክረምት ከባድ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ጥግን አጥለቀለቀ፣ በአጎራባች ከተሞችም ኮሌራ ገባ ተባለ። ልጆቼ መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ ቅዳሜ መምጣት አቆሙ። ደንበኛም ጠፋ፤ በዝናብ ማን ልብስ ያሰፋል? ሥጋ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ዘመዶቹ ጋ ሄደ። ሾርባ ለአንድ ሰው መሥራት ሞኝነት ሆነብኝና ዳቦ እየገመጥኩ ማደር ጀመርኩ። በስልክ እናቴ «በልተሻል?» ትለኛለች፣ «በልቻለሁ» እላታለሁ። ከጀርባዋ የእህቴ ሳቅ ይሰማኛል። ስልኩን ስዘጋ አንጀቴ እንደ ድሮው እርር ይላል።

ከዚያ የኮሌራ ክትባት ዘመቻ ሊጀመር ነው፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም ይጠጣዋል ተባለ። የአውራጃው ኃላፊ ራሷ መጥታ በኛ ሰፈር ታስጀምራለች። ሰዉ ጠባይዋን ያውቃል፤ ድንኳኑም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ሹማምንቱም ወንዙ ዳር ነው የሆኑት። ጠዋት ድምፅ ማጉያው ሲጮህ እሰማለሁ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ የኔ ተራ እንደ ልማዱ መጨረሻ ነው። የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ፣ ሹራቤን ደርቤ ቁጭ አልኩ።

ጢጥ አለ ጡሩምባ። እጇን አውለብልባ ልታልፍ ነው ብዬ አንገቴን እንኳ አላቀናሁም። መኪናው ግን ቆመ። እህቴ ወረደች። ከኋላዋ ያቺ ደንበኛዬ ነርስ የበረዶ ሣጥኗን አንግታ ወረደች፣ ግራ ተጋብታ።

«ዶክተር፣ ከመጨረሻው ቤት አይደለም እንዴ የምንጀምረው? ታች እየጠበቁን ነው እኮ» አለቻት።

«አዎ» አለች እህቴ፣ በሬን ገፋ አድርጋ እየገባች። «ከሱው ነው የጀመርነው።»

ደግ ቃል ይጠበቅብኝ ነበር። «ጫማሽን ጥረጊ» አልኳት።

ጠረገች። አየት አደረገችኝ፤ የእናቴን ባዶ ወንበር፣ የስፌት መኪናው ላይ ያለውን የተገመጠ ዳቦ፣ ምንም ልብስ ያልተሰቀለበትን መስቀያ አየች። ትንሿን ብልቃጥ ከፈተችልኝ፣ ጨለጥኩት፤ ጣዕም የሚባል ነገር የለውም። ብልቃጡን ስመልስላት ነው ጋዋኗን ያየሁት።

ሁሉም ቁልፎች ቦታቸው ላይ ናቸው። በነጭ ጋዋን ላይ፣ በጥቁር ወፍራም ክር! አንዱ ወደ ላይ ወጥቷል፣ አንዱ ወደ ጎን ሸሽቷል፣ ክሩ ተደራርቦ ጉብ ጉብ ብሏል። የልብስ ሰፊ ተማሪ እንዲህ ቢሰፋ እጁን እመታዋለሁ። በዳበሳ የሰፋ የእናቴ እጅ ነው። እንዴት እንደቀናሁ! በሕይወቴ በሥልጣኗም፣ በመኪናዋም፣ «እናታችን» በሚሏትም እንዲህ አልቀናሁም።

«እንዴት ናት?» አልኳት።

«ደህና ናት። ምሳ ሰዓት ካልመጣሁ ቢሮ ድረስ እየደወለች ትጮህብኛለች» አለችና ሳቀች። ፊቷ ሞላ ብሏል። «ቁልፉን ላስተካክለው ብላት ተቆጣችኝ። አንቺ ግን ለምን አታስተካክዪልኝም?»

መርፌዬ እዚያው ነው፣ ነጭ ክሬም እዚያው ነው። አልነካሁትም። መቀሴን አነሳሁና ከለበስኩት ሹራብ ላይ የላይኛውን ቁልፍ ቀጭ አደረግሁት።

«እታለም! ምን ሆንሽ?»

ሹራቡን አወለቅሁና ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከትቼ ሰጠኋት። «ለእናቴ ስጪልኝ፣ ትስፋልኝ» አልኳት። «በነጩ እንዳይሆን። በዚያው፣ ላንቺ በሰፋችበት በጥቁሩ ክር ይሁን።»